ከፊቴ የተነሳው ሳህን

ዩልስታ፣ ስቶክሆልም
ጥር 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአክስቴ ለወይዘሮ ደሚቱ
ቢሾፍቱ

እቴቴ፣ ገና እንዴት አለፈልዎት? ጉልበትዎ፣ ወገብዎ፣ አይንዎ እንዴት ነው? ጆሮዎን አልጠይቅም፤ ስልክ ጨርሶ እንደማይሰማልዎት ማርያማዊት ነግራኛለች። ለዚህ ነው በወረቀት የምፅፈው። እሷ ከስልኳ አሳትማ ትስጥዎት፣ የእርስዎንም መልስ ፎቶ አንስታ ትላክልኝ። ሙሽራ ስራ ቢበዛባትም ለአያቷ ይቺን አታጣም።

የሰርጉ ጥሪ ደርሶኛል። ሚያዝያ 26፣ ከፋሲካ በኋላ። እግዚአብሄር ያስፈፅማት። የብርቱካን ልጅ ለወግ ለማዕረግ በቃች! የእርስዎ የልጅ ልጅ፣ የይገዙም ልጅ። የይገዙን ስም አንዴም ሳልሰርዝ እንደፃፍኩት ልብ ይበሉልኝ።

እመጣለሁ እቴቴ። ቲኬቴን ቆርጫለሁ።

ሲያዩኝ እንዳይደነግጡ ግን አስቀድሜ ልንገርዎት። ነሀሴ ላይ ሆዴን ኦፕራሲዮን ተደርጌያለሁ። በሽታ ይዞኝ አይደለም፣ ለመክሳት ነው። እዚህ አገር ሀኪም ጨጓራን አሳንሶ ይሰፋዋል፤ የኔ አሁን እንቁላል ቢያክል ነው። ያ እርስዎ "ጎተራ" ይሉት የነበረው ሆድ ፈርሷል። አንገት አውጥቻለሁ። ባለፈው ሳሌም፣ የቤተክርስቲያናችን ልጅ፣ ቱነልባናው ውስጥ፣ ባቡሩ ውስጥ ማለቴ ነው፣ ፊት ለፊቴ ተቀምጣ ዩልስታ እስክንወርድ ድረስ አላወቀችኝም። ለሰርጉ አረንጓዴ ቀሚስ ገዝቻለሁ፣ ወገቡ ጥብቅ ያለ።

ያን ቀን ያስታውሱታል? እኔ እያንዳንዷን ነገር አስታውሳለሁ። እናቴ ከሞተች ጀምሮ ያደግኩት በእርስዎ ቤት ነው፤ አልክድም፣ እግዜር ይስጥልኝ። የይገዙ ሽማግሌዎች እኔን ሊጠይቁ የመጡ ቀን ግን ከፍርሀት የተነሳ ከጧት ጀምሬ እህል አልቀመስኩም ነበር። እንግዳው በልቶ ሲያበቃ ዙሪያው ሰማያዊ በሆነው የብረት ሳህን ምግብ ቀረበልኝ። አንድ ጎርሼ ለሁለተኛው እጄን ስዘረጋ እርስዎ ሳህኑን ከፊቴ አነሱት። "ይበቃሻል፣ ለሰውም ይትረፍ" አሉ። ሽማግሌዎቹ ሳቁ። ይገዙም በሩ ጋ ቆሞ ሳቀ። በወሩ እነዚያው ሽማግሌዎች ተመልሰው መጡ፣ ብርቱካንን ሊጠይቁ።

ይህን የማነሳው ለወቀሳ አይደለም። እንዲያውም አሁን ተመችቶኛል። በሰርጉ ላይ ምግብ ሲያቀርቡልኝ ሁለቴ ጎርሼ ሳህኑን እመልስልዎታለሁ። ሰው ሁሉ እያየ "በሞቴ ብዪ" ይሉኛል፤ እኔ አልበላም። ደግመው ይለምኑኛል፤ አልበላም። ሆዴ ሲቆረጥ እንኳ ያሰብኩት ይህንን ነበር። እና ድስቱን ትጨርስብኛለች ብለው አይስጉ።

እድሜ ከጤና ይስጥልኝ። ለሰርጉ ያድርስዎ። በተለይ ለሰርጉ ያድርስዎ።

የወንድምዎ ልጅ
ሸዋሉል


ቢሾፍቱ
ጥር 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሸዋሉል

የአባትሽ አምላክ ከአጠገብሽ አይለይ። በረዶው አያዳልጥሽ፣ ክፉ ሰው አይይሽ። እኔ ተመስገን ነው፤ ጆሮዬ ቢዘጋም ዐይኔ በመነጽር ያነባል። ስለሚያነብም ልንገርሽ፦ ሠርግ በንጉሡ ሠ ነው የሚጻፈው፣ በእሳቱ አይደለም። ዐይንም በዐይኑ ዐ ነው፤ ፊደሉ ስሙን ይዞ ቆሞልሽ እንዴት ትስቺዋለሽ? ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ልጅ ሳስተምር ኖሬ የወንድሜ ልጅ እንዲህ ስትጽፍ ማየት ያመኛል።

ፎቶሽን ማርያማዊት አሳየችኝ። አምሮብሻል። አንገት እንዳለሽ ያወቅኩት ገና ዛሬ ነው። ግን ልጄ፣ ሰው በጾም ይከሳል፣ በሐሳብ ይከሳል፣ በሥራ ይከሳል። በቢላ መክሳትን ከአንቺ ሰማሁ። ሰው "እንዴት እንዲህ ከሳች?" ሲለኝ ምን ልበል? እንደ ቀሚስ አስጠበበች ልበል?

የገናን ጾም ጾመሻል? ደብዳቤሽ ውስጥ ስለ ጾም አንድ ቃል የለም። ሁዳዴም እየመጣ ነው። ጾሙን በልተሽ መጥተሽ እነአባ ባርናባስ ፊት ብትቀመጪ የማፍረው እኔ ነኝ። ድሮም ረቡዕና ዓርብን መዋል አቅቶሽ ከጓዳ ትገድፊ ነበር። እንቁላል የምታክል ጨጓራ ይዘሽም መጾም ካቃተሽ፣ ሐኪሙ የቆረጠው የማይሆን ቦታ ነው።

ሳህን ስላልሽው፣ እኔ አላስታውስም። በኔ ቤት ብዙ ሳህን ይቀርባል፣ ብዙ ሳህን ይነሣል። የማስታውሰውን ልንገርሽ። አንቺን በትከሻው ተሸክሞ ትምህርት ቤት ያደረሰሽ ባለቤቴ ሲቀበር አልመጣሽም። በስልክ የአበባ ሥዕል ላክሽ። ለእሱ ቀብር ያልተቆረጠ ቲኬት ለሠርግ ተቆረጠ። ይሁን።

አንድ ነገር ላስቸግርሽ። እግሬ ወደ ማታ ያብጥብኛል፤ በሠርጉ ቀን ቆሜ እንግዳ የምቀበልበት ጫማ የለኝም። ሰፋ ያለ፣ ለስለስ ያለ፣ ተረከዙ ዝቅ ያለ ላኪልኝ። እዚያ አገር ደኅና ጫማ አይጠፋም ሲሉ እሰማለሁ።

አክስትሽ
ደሚቱ


ዩልስታ
የካቲት 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእቴቴ

ጾመኛ ገላዎን እግዚአብሄር ይጠብቅልኝ። መልስ ያዘገየሁት ስራ በዝቶብኝ ነው። እንደሚያውቁት ስራዬ አቅም ያጡ ሽማግሌዎችና አሮጊቶችን ቤታቸው እየሄድኩ ማጠብ፣ ማልበስ፣ ማንሳት ነው። በክረምት ሁለት ሰው ከታመመ የሁሉም ስራ እኔ ላይ ይወድቃል።

ይኸው እየፆምኩ ነው እቴቴ። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ። እስከ ዘጠኝ ሰአት ውሀ እንኳ በአፌ አይዞርም፤ ከዚያ ትንሽ ሽሮ፣ ትንሽ ጎመን፣ አለቀ። እንቁላል የለም፣ ወተት የለም፣ አሳም የለም። ጓዳ ገብታ ትገድፋለች እንዳይሉኝ ፍሪጄን ባዶ አድርጌዋለሁ።

ዲየቲስቷ፣ የሆስፒታሉ የምግብ ባለሙያ፣ ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ስታስጠነቅቀኝ "ሆድሽ የሚይዘው ጥቂት ነው፤ ከሁሉ አስቀድመሽ እንቁላል፣ ዶሮ፣ አሳ፣ ክቫርግ ብዪ" ብላኝ ነበር። ክቫርግ እንደ አይብ ያለ ነገር ነው። ስለ ፆሙ አልነገርኳትም። የመጋቢት ቀጠሮዬን ሰረዝኩት። ስለ ሁዳዴ ምን ታውቃለች?

የስራ ባልደረባዬ ልደታ ጴንጤ ናት። ምሳ ሰአት ላይ ግድግዳ ግድግዳ ሳይ አይታኝ "ለማን ብለሽ ነው እንዲህ የምትሆኚው?" አለችኝ። ለእግዚአብሄር አልኳት። ለማን እንደሆነ እርስዎና እኔ እናውቃለን።

ስለ ጋሼ ቀብር የፃፉት እንቅልፍ ነሳኝ። ማን ነገረኝ? ብርቱካን ለአገር ለምድሩ ስትደውል ለእኔ አልደወለችም። ከተቀበረ በሶስተኛው ቀን የማላውቀው ሰው ፌስቡክ ላይ ለጥፎት ነው ያየሁት። በትከሻው የተሸከመኝን ሰው ሞት ከማላውቀው ሰው ሰማሁ። የአበባውንም ስእል የላክሁት እያለቀስኩ ነው። አይመኑኝ።

ጫማውን ወደ አገር ቤት ለሚሄድ ሰው ሰጥቻለሁ። የጣልያን ቆዳ ነው፣ አፍንጫው ሹል፣ ተረከዙ ቀጠን ያለ። ሰፊውን ፈልጌ ነበር፤ የሚያምር አጣሁ። ቢጠብዎትም እያደር ይለምዱታል። እኔ ስንት ጠባብ ነገር ለምጄ ነው የኖርኩት።

ሸዋሉል


ቢሾፍቱ
መጋቢት 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሸዋሉል

ጾሙን አስፈጽሞ ለብርሃኑ ያድርስሽ። ያንቺ "ፆም" የተጻፈው በፀሐዩ ፀ ነው፤ በጸሎቱ ጸ አድርጊው። ጾምና ጸሎት በአንድ ፊደል የሚጀምሩት ተለያይተው እንዳይሄዱ ነው። አንቺ ደግሞ ጾሙን ይዘሽ ጸሎቱን የተውሽው ትመስያለሽ።

ጫማው ደረሰ። እጅሽ ይባረክ። የኔን እግር ትንሿን ጣት እንኳ አላስገባ አለ። ብርቱካን ስትሞክረው ግን ልክክ አለላት! በልጇ ሠርግ እሱን ልታደርግ ነው። "እኅቴ ከስዊድን ላከችልኝ" እያለች ለሰው ታሳያለች። ይገዙም አይቶ "ሸዋሉል ድሮም ምርጫ ታውቅበታለች" አለ። እሱ ምርጫ ያውቃል ወይ ብዬ ልመልስለት ነበር፤ ተውኩት።

መጾምሽን ስሰማ ደስ አለኝ። ጎሽ፣ አጥብቂው። ዘጠኝ ሰዓት ምን አላት? ብርቱካን እዚህ የሠርግ ሥራ ላይ ሆና እስከ ዐሥራ አንድ ትቆያለች። ቀሚሴ አረንጓዴ ነው ብለሽ ነበር። የማርያማዊት ሚዜዎች ሁሉ አረንጓዴ ነው የሚለብሱት። በዚህ ዕድሜሽ ሚዜ ነሽ እንዳይሉሽ ብዬ ነው።

ብርቱካን ለምን አልደወለችም አልሽ። ከአባቷ ሬሳ ላይ ተነሥታ ስልክ ትደውል? አንቺስ በዚያን ሰሞን ደውለሽ "ጋሼ እንዴት ዋለ?" ብለሻል? ታሞ የተኛው አንድ ክረምት ሙሉ ነበር።

አክስትሽ
ደሚቱ


ዩልስታ
መጋቢት 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

እቴቴ

ዛሬ ሰላምታ አላበዛም። አብጫለሁ።

መጀመሪያ ቀለበቴ አልወጣ አለኝ። ቀጥሎ ካልሲዬ እግሬ ላይ ገመድ የታሰረበት የሚመስል ምልክት መተው ጀመረ። ሚዛን ላይ ብወጣ ጨምሬያለሁ። ምንም ሳልበላ! እግሬን በጣቴ ስጫነው ይሰረጉድና እንደዚያው ጉድጓድ ሆኖ ይቀራል። ጧት ስነሳ ፊቴን ንብ የነደፈው ይመስላል። ፀጉሬ በማበጠሪያ እየተጠቀለለ ይወጣል። አረንጓዴው ቀሚስ ከጉልበቴ አላልፍ አለ።

በየጧቱ እግራቸው እንዳያብጥ ጥብቅ ካልሲ የማለብሳቸው አንዲት ስዊድናዊት አሮጊት አሉ። ትላንት ተንበርክኬ ሳለብሳቸው እግሬን አዩና "አንቺ ልጅ፣ ካልሲውን ለራስሽ አድርጊው፣ ካንቺ የኔ ይሻላል" አሉኝ። መታጠቢያ ቤታቸው ገብቼ አለቀስኩ።

ይሄን ያመጣው የእርስዎ አፍ ነው። እግሬ ያብጥብኛል ብለው ፃፉልኝ፣ ይኸው እብጠትዎ ባህር ተሻግሮ መጣ። አዎ፣ ሹሉን ጫማ የላክሁት ሆን ብዬ ነው። ሰፊው እዚያው አጠገቡ ተደርድሮ ነበር። ቆመው እንግዳ ሲቀበሉ እግርዎ እንዲቃጠል ፈልጌ ነው። ብርቱካን እንድትንጎራደድበት አልነበረም።

ልደታ ውሀ ነው የቋጠርሽው፣ ሀኪም ይይሽ ትለኛለች። ሀኪም ቤት አልሄድም። ብሄድ ብዪ ይሉኛል፤ ብበላ ገደፈች ይሉኛል። ውሀ ከሆነ ውሀ መጠጣቱን ቀንሻለሁ። ሽሮውንም በግማሽ አድርጌዋለሁ። ብርቱካን እስከ አስራ አንድ ከቆየች እኔ አስራ ሁለት ሰአት ነው የምቆየው። እስከ ሰርጉ ጊዜ አለኝ። ይጎድላል። ከዚያ ሳህንዎን እመልስልዎታለሁ።

ሸዋሉል


ቢሾፍቱ
ሚያዝያ 1 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሸዋሉል

እኔም ሰላምታ አላበዛም።

አበጥኩ አልሽኝ። ማበጥሽን ለእኔ ትነግሪኛለሽ? ስዊድን ከገባሽ ጀምሮ ያበጠው ልብሽ ነው፤ እግርሽ ገና አሁን ደረሰበት። እናትሽ ስትሞት ከአልጋዋ አንሥቼ ያቀፍኩሽን ሴት ሟርተኛ አልሽኝ! የሰባ ስምንት ዓመት አሮጊት ቆማ እግሯ እንዲቃጠል ተመኘሽ! ጻፍሽው ደግሞ፣ ሳታፍሪ።

ለብርቱካን ነገርኳት። ለይገዙም ነገርኩት። "ያው ድሮ የማውቃት ሸዋሉል ናታ" ብሎ ሣቀ። ቀሚሱ አልገባ ካለሽ ነጠላሽን ተከናንበሽ ከበስተኋላ ተቀመጪ። እሱንም ካልቻልሽ እዚያው ቅሪ። ያላንቺም ሠርግ ይሆናል።

ስሕተትሽ በዝቷል፤ ዛሬ የማርምበት ልብ የለኝም።

ግን ከጾሙ ሰዓት በኋላ ውኃ ጠጪ። እሱን ማን ከለከለሽ?

ደሚቱ


ሶልና፣ ሆስፒታል
ሚያዝያ 7 ቀን 2017 ዓ.ም.

እቴቴ

የእጅ ፅሁፌ ቢንጋደድ አይታዘቡኝ፤ ክንዴ ላይ መርፌ ተሰክቷል።

ወደ ስራ ስሄድ ባቡሩ ውስጥ ወደቅኩ። ስነቃ የማላውቃት ሴት ጭንቅላቴን ይዛኝ ነበር። ሀኪሟ መጥታ ደሜን አየችና ምን እንደምበላ ጠየቀችኝ። ነገርኳት። ብእሯን አስቀመጠች። "ደምሽ ውስጥ ፕሮቲን አልቋል" አለች። "ፕሮቲኑ ሲያልቅ ውሀው ከደም ስርሽ እየወጣ ስጋሽ ውስጥ ይጠራቀማል። ውሀ መቀነስሽ ኩላሊትሽን ጎዳው እንጂ እብጠቱን አላጎደለም። አንቺ የወፈርሽ ሰው አይደለሽም፤ የተራብሽ ሰው ነሽ።" እንዲህ ነው ያለችኝ። ልብሽ ሊቆም ይችል ነበርም አለች። አዩ እቴቴ፣ ልብሽ ነው ያበጠው አሉኝ፤ ሊቆም ነበር እኮ!

ሱቁ ሁሉ በምግብ በሞላበት አገር፣ ደሞዝ እየበላሁ፣ በረሀብ ልሞት ነበር። ለእርስዎ ብዬ። ለይገዙ ሳቅ ብዬ።

አውሮፕላን መሳፈር ተከልክያለሁ። ሰርጉ ቀርቷል። ደስ ይበልዎት።

በትሪ እንቁላልና ክቫርግ ያመጡልኛል፤ እኔ እመልሰዋለሁ። ህማማት ነው። እዚህ ድረስ ያመጣሁትን ፆም በመጨረሻው ሳምንት አልገድፈውም። "ብያችሁ አልነበረም?" የሚሉባትን ቀን አልሰጥዎትም። ሀኪሟ ተቆጥታለች፤ ትቆጣ።

ሳህኑን አላስታውስም ብለው ፃፉልኝ። ልንገርዎት እንግዲህ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሰው ፊት ስቀመጥ ሳህኑ ሊነሳብኝ ነው እያልኩ ቶሎ ቶሎ ነው የምጎርሰው። ቤቴ ብቻዬን ስሆንም እንደዚያው። ሀያ አምስት አመት ሙሉ፣ አንድ ሰው ከኋላዬ መጥቶ እንዳያነሳብኝ ስሽቀዳደም ወፈርኩ። ስዊድኖቹ ሆዴን ቆረጡት፤ ያንን የእርስዎን እጅ ግን ከፊቴ ሊቆርጡልኝ አልቻሉም።

ደክሞኛል።

ሸዋሉል


ቢሾፍቱ
ሚያዝያ 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሸዋሉል፣ ብዪ።

ደብዳቤሽን እንዳነበብኩ በነጠላ ጫማዬ አባ ባርናባስ ቤት ሄድኩ። ከስግደት አስነሣኋቸው። ለታመመ ሰው ጾም የለበትም፣ ሐኪም ያዘዘላትን ትብላ፣ የሚከለክላት ቢኖር በደሉ በከልካዩ ላይ ነው ብለዋል። ጆሮዬ አልሰማ ብሏቸው ጮኸው ተናገሩት፤ ጎረቤቱ ሁሉ ሰማ። ደግሞ "ለመሆኑ ይህንን ጾም የጾመችው ለማን ብላ ነው?" ብለው ጠየቁኝ። ያን ጊዜ ጥያቄውን ያልሰማሁ መስዬ ወጣሁ።

ማርያማዊት ይህን ፎቶ የምታነሣው እያለቀሰች ነው። የሠርጓን ቀን እንድናራዝም ጠየቀችን።

ከትሪው ላይ እንቁላሉን አንሥተሽ ብዪ። ከዚያ በልቻለሁ ብለሽ ጻፊልኝ፤ በዚህ ነገር ደግሞ እንዳትዋሺኝ። እልኽሽን ለሌላ ቀን አሳድሪው። እኔ የትም አልሄድም።

ደሚቱ


ሶልና
ሚያዝያ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

እቴቴ

በልቻለሁ። ግማሽ እንቁላል። ለእርስዎ ብዬ አይደለም፤ አባ ስላሉ ነው። ማርያማዊት ቀኗን እንዳታራዝም ይንገሯት። እሷ ምን አደረገችኝ?

ሸዋሉል


ቢሾፍቱ
ግንቦት 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሸዋሉል

ያነቃሽ አምላክ ይመስገን፤ ያችንም ራስሽን የያዘችልሽን ሴት ልጇን ይያዝላት። ይህንን ደብዳቤ ማርያማዊት ፎቶ አላነሣችውም። ለፋሲካ መጥታ የነበረችው ሳሌም ስትመለስ በእጇ ታደርስልሽ፤ ከዕቃው ጋር።

ሠርጉ አለፈ። እኔ እንግዳ የተቀበልኩት በነጠላ ጫማ ነው፤ ሰው እግሬን እያየ አለፈ። ወንበርሽን አላስነሣሁትም። ከጎኔ ነበር። ከፊቱም ያንን ዙሪያው ሰማያዊ የሆነውን ሳህን አስቀመጥኩ። ከሣጥኔ ሥር ነው ያወጣሁት። ከዚያን ቀን ወዲህ ሰው አልበላበትም።

ምግብ ሲቀርብ ቦታ ጠበበና ብርቱካን መጣች። "ይሄ ባዶ ሳህን ምን ያደርጋል?" ብላ ልታነሣው እጇን ስትዘረጋ እጇን መታሁት። ጮኸ አሉኝ፤ እኔ አልሰማሁም። ሰው ሁሉ ዞሮ አየ። በዚያ ሹል ጫማዋ ላይ ቆማ ቀረች። ይገዙ ሊሥቅ አፉን ከፈተ፤ አየሁት። ስመለከተው ዘጋው። ሠርጉ እስኪያበቃ ድረስ ሳህኑ አልተነሣም፤ ማርያማዊትም ሙሽራ ሆና መጥታ ከጎኑ ተቀመጠች።

አሁን ልኬልሻለሁ። ባዶ ነው። ከዚህ እንቁላል አይላክም። እዚያው ቀቅለሽ ጨምሪበትና ቀስ ብለሽ ብዪ። ማንም አያነሣብሽም።

አክስትሽ
ደሚቱ


ዩልስታ
ግንቦት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእቴቴ

ጤናዎን እንደ አፍዎ ያበርታልዎት።

ሳህኑ ደረሰኝ። ሳሌም በሻርፕ ጠቅልላ፣ እንደ ህፃን ታቅፋ ነው ያመጣችው። ጠርዙ ላይ ያቺ የተላጠችው ቦታ እንኳ እንዳለች ናት። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት።

እብጠቱ እየጎደለ ነው። ቁርጭምጭሚቴ ብቅ ብሏል። ሀኪሟ ግን ገና ነው ትላለች፤ ደሜ ካልተስተካከለ ሆዴን እንደገና ሊከፍቱኝ ይችላሉ። ዲየቲስቷ በየሳምንቱ ትደውላለች፤ ስለ ሁዳዴ አስረድቻታለሁ፤ ለሚቀጥለው አመት አብረን እንነጋገርበታለን ብላ ፃፈችው። አረንጓዴውን ቀሚስ ለልደታ ሰጠኋት። እሷ ላይ ያምራል፤ አናደደኝ።

እንቁላል ቀቀልኩና ሳህኑ ላይ አደረግኩት። ሁለት ቀቅዬ ነበር። አንዱን ሳልጨርስ ሆዴ በቃኝ አለ። ሌላው እዚያው ፊቴ ተቀመጠ፣ የሚያነሳው ሰው ሳይኖር፣ የሚበላውም ሳይኖር። እቴቴ፣ ስችል አነሱብኝ፤ ሳልችል መለሱልኝ። ይቅር ብያለሁ እንድል የሚጠብቁ ከሆነ ገና ነኝ። የብርቱካንን እጅ የመቱበትን ቦታ ግን ደጋግሜ ነው ያነበብኩት። ባቡር ውስጥ ብቻዬን ሳቅሁ።

ባለፈው ደብዳቤዬን አላረሙትም። እሱ አስፈራኝ። ስለዚህ ዛሬ ሰርግን በእሳቱ ሰ፣ ፆምን በፀሀዩ ፀ፣ አይንን በአልፋው አ ፅፌልዎታለሁ። ያርሙ እንጂ፣ ምን ይጠብቃሉ?

ጫማ ልኬያለሁ። ሰፊ፣ ለስላሳ፣ ተረከዙ ዝቅ ያለ። እግሬ ባበጠ ጊዜ ለራሴ የገዛሁት ነው፤ ለእኔ አሁን ሰፍቶኛል። ይህኛው ለብርቱካን አይሆናትም፤ ደጋግሜ አስቤበታለሁ።

የሰው ሳህን ባዶውን መመለስ ነውር መሆኑን ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። ሀኪሟ ከፈቀደችልኝ ለመስቀል ሞልቼ አመጣዋለሁ። የሰራሁትን ዶሮ ወጥ አወጣበትና ከፊትዎ አስቀምጠዋለሁ። ብርቱካን ትቀመጥ፣ ይገዙም ይቀመጥ፣ ከሽማግሌዎቹም በህይወት ያለ ካለ ይጠራ። እርስዎ አንድ ይጎርሳሉ። ለሁለተኛው እጅዎን ሲዘረጉ ሳህኑን ላንሳው ወይስ ልተወው፣ ገና አልወሰንኩም።

እስከዚያ ድረስ እንዳይሞቱብኝ።

ሸዋሉል